የትንፋሽ ሕመምተኛን ማራመድ ጭካኔ አይደለም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ደወለልኝ። እናቱን ለማክሰኞ ጠዋት ቀጥሬያቸው ነበር። «ይቅርታ አድርግልኝ፣ እማዬን አላመጣትም» አለኝ። ለምን ብዬ ብጠይቀው በቴሌግራም የደረሰውን ጽሑፍ ላከልኝ። ጽሑፉን ከዚያ በፊትም ሁለት ሦስት ቦታ አይቼዋለሁ። የሠፈራችን የዕድር ግሩፕ ላይ ሳይቀር ተለጥፏል። ከሥሩ ብዙ ሰው አመስግኗል።

እኔ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ። የምሠራው ከኮተቤ ወዲያ፣ ካራን አልፎ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ አካባቢ ነው። ጽሑፉ «አታስደርጉ» የሚለውን ምርመራ በየሳምንቱ አሠራለሁ። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

መጀመሪያ ጸሐፊው ያሉትን ሳላዛባ ላስቀምጥ። ነገሩ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታ ላለባቸው ሰዎች ስለሚሠራ የመራመድ ምርመራ ነው። ታካሚው ቀጥ ባለ መተላለፊያ ላይ ለ6 ደቂቃ ይመላለሳል። የሄደው ርቀት በሜትር ይለካል። ጸሐፊው የሚነሡት ከአባታቸው ነው። አባታቸው ለዓመታት ትንፋሽ ያጥራቸዋል። አንድ የጤና ተቋም ሄደው እንዲራመዱ ተደረገ። መተላለፊያው በሰው ተጨናንቋል። አልጋ ሲገፋ ቆመው ያሳልፋሉ። ሲጨርሱ ላብ በላብ ሆነዋል። ውጤቱ ካርዳቸው ላይ ተጻፈ፤ ምን ማለት እንደሆነ ግን የነገራቸው ሰው የለም።

ከዚህ ተነሥተው እንዲህ ይላሉ። የሳንባ በሽታ የሚታወቀው በራጅና በማሽን ነው፤ መራመዱ የሚጨምረው ነገር የለም፣ ማሽን ሲጠፋ የሚደረግ የድሃ ዘዴ ነው። ትንፋሽ የሚያጥረውን ሰው ማስሄድ አደጋ ነው፤ የሚያስፈልገው ዕረፍት ነው። ውጤቱ በታካሚው ፈቃድ ስለሚወሰን ሳይንስ አይባልም። መለኪያው የተሠራው ለፈረንጅ ነው፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ቁጥሩ እዚህ አይሠራም። ደግሞስ ቢለካ ምን ይደረጋል? ሕክምና የለውም። በመጨረሻም የፈለገ ሰው እርምጃውን በስልኩ ይቁጠር ይላሉ።

ስለ አባታቸው ከልቤ አዝኛለሁ። እንደተነገረው ከሆነ ያ ምርመራ በትክክል አልተሠራም። መንገዱ ነፃ መሆን አለበት። ሰው አቋርጦ የሚያልፍበት ቦታ ላይ የተለካ ርቀት የታካሚውን አቅም አይናገርም። ውጤቱን አለመንገር ደግሞ በምንም ቢባል ልክ አይደለም። በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ነገር ግን አንድ ሰው የደም ግፊት መለኪያን በወፍራም ጃኬት ላይ ቢያስር፣ ከነገ ጀምሮ ግፊት አንለካ አንልም። ጃኬቱን ያውልቅ ነው የምንለው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ራጅና ማሽን ካለ መራመዱ ምን ይጨምራል?

ማሽን የሚሉት ስፓይሮሜትሪን ነው። በቱቦ በኃይል የሚነፋበት ነው። በጣም አስፈላጊ ምርመራ ነው። ሲኦፒዲ የሚባለውን፣ ሲጋራና የማገዶ ጭስ የሚያመጡትን የሳንባ ቧንቧ መጥበብ፣ ያለ እሱ ማረጋገጥ አይቻልም። ቧንቧ የሚከፍተው መድኃኒት ከተሳበ በኋላም በመጀመሪያዋ ሴኮንድ የወጣው አየር ከጠቅላላው ከ70 በመቶ በታች ከሆነ፣ ቧንቧው ጠቧል ማለት ነው። ግን ታካሚው የሚነፋው ወንበር ላይ ተቀምጦ ነው። እኔ ጋ የሚመጡት ሰዎች ደግሞ የሚሉት አንድ ነው። «ቁጭ ስል ደህና ነኝ። ስነሣ ነው።»

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። በሲኦፒዲ የታመመ ሳንባ አየር ማስገባቱ ብዙም አይቸግረውም። የሚቸግረው ማስወጣቱ ነው። ሰውየው ሲቀመጥ በዝግታ ይተነፍሳል፤ አየሩ ለመውጣት ጊዜ አለው። መራመድ ሲጀምር ትንፋሹ ይፈጥናል። የቀደመው አየር ተሟጦ ሳይወጣ ሌላው ይገባል። በላይ በላዩ ይጠራቀማል። ታካሚዎች «ደረቴ ሞላ» ይሉታል። እውነታቸውን ነው፣ በእርግጥም ሞልቷል። ይህ ነገር በዕረፍት ጊዜ በተነሣ ራጅ ላይ አይታይም። ተቀምጦ በተነፋ ስፓይሮሜትሪም አይወጣም።

ሁለት ሰዎችን ላምጣ። ሁለቱም እኔ ጋ የመጡ ናቸው። አንዱ ጡረታ የወጡ የጭነት መኪና ሹፌር፣ ሌላው የጥበቃ ሠራተኛ ነበሩ። የሁለቱም ስፓይሮሜትሪ አንድ ነው ሊባል ይችላል፤ ከሚጠበቀው ግማሽ ያህል። ወረቀቱን ብቻ ያየ ሰው «እኩል ታመዋል» ይላል። ሹፌሩ 410 ሜትር ሄዱ። ጥበቃው 230 ሜትር ላይ ጊዜው አለቀባቸው፤ ሁለቴም ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ልዩነቱ ከሳንባቸው አይደለም። ጥበቃው «እንዳይብስብኝ» ብለው ሁለት ዓመት ሙሉ ከቤት አልወጡም ነበር። ሱሪያቸውን ከፍ ሲያደርጉ ጭናቸው ክንድ አክሎ አየሁት። ታዲያ ለእነዚህ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ምክር ይሰጣል? ስፓይሮሜትሪው ብቻ ቢኖረን ኖሮ ይሰጥ ነበር።

ኦክስጅንም አለ። ተቀምጦ የደሙ ኦክስጅን 92 በመቶ የሚያሳይ ሰው ሲራመድ ወደ 83 ሊወርድ ይችላል። በተለይ ሳንባቸው በጠባሳ የደረቀባቸው ሰዎች ላይ ይህ የተለመደ ነው። ቤቱ ውስጥ ከአልጋ ወደ ሽንት ቤት በሄደ ቁጥር እንዲህ እየወረደበት ነው ማለት ነው። ሳይራመድ ይህን ማን ያውቅለታል?

«የድሃ ዘዴ» የሚለውን ደግሞ ታሪኩ አይደግፈውም። እ.ኤ.አ. በ1968 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ኬኔት ኩፐር የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም የአየር ኃይል ሰዎችን አቅም በ12 ደቂቃ ሩጫ ለካ። በ1976 የብሪታንያ ሐኪሞች ሩጫውን ወደ እርምጃ ቀይረው የሳንባ ሕመምተኞች ላይ ተጠቀሙበት። በ1982 ደግሞ 12 ደቂቃ ለታመመ ሰው እንደሚበዛና 6ቱም እንደሚበቃ ታየ። እነዚህ ሰዎች ማሽን አጥተው አልነበረም። በ2002 የአሜሪካ የደረት ሐኪሞች ማኅበር የአሠራር መመሪያ አወጣለት። በ2014 ከአውሮፓው ማኅበር ጋር ሆኖ መመሪያው ታደሰ። በ2004 የወጣውና ቦድ የሚባለው መመዘኛ የሲኦፒዲ ታካሚን የወደፊት ዕጣ በአራት ነገሮች ይገምታል፦ በክብደት፣ በቧንቧ መጥበብ፣ በትንፋሽ እጥረት ስሜት፣ እንዲሁም በ6 ደቂቃ በሚሄደው ርቀት። አራቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ከስፓይሮሜትሪ ብቻ የተሻለ ይናገራሉ። ከ350 ሜትር በታች መሄድ እዚያ ላይ ነጥብ ያስቆጥራል። መራመዱ የሚጨምረው ነገር ባይኖር ከአራቱ አንዱ አይሆንም ነበር።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ለጸሐፊው ልስጥ። መራመዱ ምን ያህል እንደሚችሉ ይነግረናል እንጂ ለምን እንዳልቻሉ አይነግረንም። ሳንባው ነው? ልቡ ነው? ደም ማነስ ነው? እግሩ ነው? ይህን የሚለይ ምርመራ አለ። ታካሚው ብስክሌት እየረገጠ፣ ጭንብል አድርጎ፣ የሚያስገባውና የሚያስወጣው አየር እየተለካ የሚሠራ ነው። ያ የበለጠ ይናገራል። ውድ ነው፤ የሠለጠነ ሰውም ይፈልጋል። ቢኖረን ደስ ይለኛል። ባለመኖሩ ግን ያለውን መጣል አለብን ማለት አይደለም።

ቀጥሎ ያለው ነጥብ ነው ያንን ልጅ ያስፈራው። አደገኛ ነው የሚለው።

ሰው ያልገባው አንድ ነገር አለ። በዚህ ምርመራ ላይ ፍጥነቱን የሚወስነው ታካሚው ራሱ ነው። መሮጥ ክልክል ነው። ሲደክመው ይቆማል፣ ግድግዳ ይደገፋል፣ ሲሻለው ይቀጥላል። ሰዓቱ ብቻ አይቆምም። ደረቱን ካመመው፣ ከተንገዳገደ፣ ከገረጣ፣ ኦክስጅኑ ከ80 በታች ከወረደ እኛው እናስቆመዋለን። ከመጀመሩ በፊትም እንጠይቃለን። ባለፈው አንድ ወር ውስጥ የልብ ድንገተኛ ሕመም የደረሰበትን ሰው አናራምድም። ተቀምጦ የልብ ምቱ ከ120 በላይ፣ ግፊቱ ከ180 በ100 በላይ ከሆነ ሐኪም ሳያየው አናስጀምርም። ወንበር፣ ኦክስጅንና የሚሳበው ፓፍ አጠገባችን ይቀመጣል።

ምንም አይደርስም አልልም። አውስትራሊያ ውስጥ ከ700 በላይ የሳንባ ሕመምተኞች ላይ የተደረገ ጥናት በ2011 ወጥቶ ነበር። ከመቶ ወደ 6 በሚሆኑት ላይ አንድ ነገር አጋጥሟል። አብዛኛው የኦክስጅን መውረድ ነው፤ ሲቆሙ የሚመለስ። እሱኑ ለማወቅም ነበር የተራመዱት።

አሁን ደግሞ እኛ ሠፈር ኑ። ታካሚዎቼ ከታክሲ ወርደው እኔ ጋ እስኪደርሱ ዳገት ይወጣሉ። ኮብልስቶን ነው። ከ6 ደቂቃ በላይ ይፈጅባቸዋል። በዚያ መንገድ ላይ ኦክስጅናቸውን የሚያይ የለም፣ ወንበር የያዘም የለም። አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ። ሊፍት የለም። ዳቦ ለመግዛት በወረዱ ቁጥር ማንም ሳያያቸው ከባድ ምርመራ ይሠራሉ። አደጋ ከተባለ አደጋው የቱ ጋ ነው?

«ዕረፍት ነው የሚያስፈልገው» የሚለው ይበልጥ ያሳስበኛል። ምክንያቱም ከፍቅር የሚመጣ ነው። ልጆች እናታቸውን «አንቺ ቁጭ በይ» ይሏቸዋል። ውኃ አያስቀዱም፣ ሱቅ አይልኩም። ሳንባ የታመመ ሰው ሲቀመጥ ጡንቻው ይከሳል። የከሳ ጡንቻ ለትንሽ ሥራ ብዙ ትንፋሽ ይጠይቃል። ትንፋሽ ሲያጥረው እንደገና ይቀመጣል። የጥበቃው ሠራተኛ ጭን እንዲያ የሆነው በዚህ መንገድ ነው። በሽታው ሲነሣ፣ ትኩሳትና አክታ ሲብስ ማረፍ ልክ ነው። ዓመቱን ሙሉ ማረፍ ግን ሰውን ያደክማል።

ፈቃድ የሚለው ነጥብ ከሁሉም የተሻለው ነው። ውጤቱ በታካሚው ፍላጎት ይወሰናል ይላሉ። በከፊል እውነት ነው። በ1984 የወጣ አንድ ጥናት እያበረታቱ ማራመድ ብቻውን 30 ሜትር ያህል እንደሚጨምር አሳይቷል። 30 ሜትር ደግሞ ትንሽ አይደለም። አንድ ታካሚ ተሻለው ለማለት የሚያስፈልገው ለውጥ ያንኑ ያህል ነው።

ስለዚህ ምን ተደረገ? ንግግሩ ሁሉ እንዲወሰን ተደረገ። የኔን መተላለፊያ ላሳያችሁ። 30 ሜትሩን የለካሁት በግንበኛ ሜትር ነው። ግድግዳው ላይ በየ3 ሜትሩ ቀይ ፕላስተር ተለጥፏል። በሁለቱ ጫፍ መንገድ ላይ የሚቆመው ዓይነት ብርቱካናማ ኮን አለ። አንዱ ጫፍ ላይ ወንበር። ታካሚው ሲጀምር እኔ አብሬው አልሄድም፣ ፍጥነቱን እንዳልመራው። አንድ ደቂቃ ሲሞላ «ጥሩ እየሄዱ ነው፤ 5 ደቂቃ ይቀርዎታል» እላለሁ። ሁለት ሲሞላ «በዚሁ ይቀጥሉ፤ 4 ደቂቃ ይቀርዎታል።» በዚያው ድምፅ። ሌላ ቃል አልጨምርም። አንዲት እናት ግማሽ ላይ ደርሰው ዞር ብለው ሲያዩኝ «አይዞዎት» ማለት አፌ ላይ ይመጣል። በአገራችን ደክሞት ለሚራመድ ትልቅ ሰው አይዞዎት አለማለት ነውር ነው። እውጠዋለሁ። ለእርሳቸው አይዞዎት ብዬ ለሌላው ካላልኩ ቁጥሩ ይበላሻል። ስድስቱ ደቂቃ ሲያልቅ ግን ወንበሩን ይዤ እሮጣለሁ፤ ያን ጊዜ የፈለግኩትን እላለሁ።

ከዚያ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን መለኪያ አሳያቸዋለሁ። 0 ማለት ትንፋሼ ምንም አላጠረም፣ 10 ማለት ከዚህ የባሰ የለም። ቁጥር ይነግሩኛል። አንዳንዶቹ ቁጥሩን ትተው «ልቤ ቀጥ ልትል ነበር» ይላሉ። ሁለቱንም እጽፋለሁ።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። ሰው በሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው ይበልጣል። መንገዱን ለምዶታል፣ ፍርሃቱ ቀንሷል። በአማካይ 26 ሜትር ያህል ይጨምራል። ስለዚህ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አርፎ ሁለት ጊዜ ይሠራና ትልቁ ይያዛል። አንዴ ብቻ አራምዶ ከወር በኋላ «ተሻልዎት» የሚል ሰው ራሱን እያታለለ ሊሆን ይችላል። ይህ ስንፍና በየቦታው እንዳለ አውቃለሁ። ጸሐፊው ይህን ቢተቹ ኖሮ እፈርምላቸው ነበር። የቀኑ ሰዓትም ለውጥ ያመጣል። በሁዳዴ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመው የመጡ እናት፣ በፋሲካ ማግሥት ቁርስ በልተው ከሚመጡት ጋር አንድ አይደሉም። ስለዚህ ሁለቱንም ልኬት በተመሳሳይ ሰዓት፣ ቀለል ያለ ምግብ ቀምሰው፣ በያዙት ጫማ ሳይሆን ለመራመድ በሚመች ጫማ እናደርጋለን።

ደግሞም ፈቃድን ምክንያት አድርገን መራመዱን ከጣልን ስፓይሮሜትሪውም አብሮ ይወድቃል። ስፓይሮሜትሪ ሲሠራ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ባለሙያዋ «ንፉ! ንፉ! ንፉ! ይጨርሱ!» እያለች ትጮኻለች። ታካሚው ከልቡ ካልነፋ ቁጥሩ ዋጋ የለውም። ለዚህ ነው ሦስት ጊዜ የሚደገመው። ጸሐፊው የሚያምኑት ማሽን በዚህ በኩል ከመራመዱ አይለይም።

ከፍታውስ? አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። አየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እንደ ባሕር ዳርቻው 21 በመቶ ነው። ግፊቱ ግን ወደ ሦስት አራተኛ ይወርዳል። ስለዚህ አንድ የሳንባ ሕመምተኛ እዚህ ከሚሄደው ይልቅ አዳማ ወርዶ የተሻለ ቢሄድ አይገርመኝም። ለዚህም ነው አንዱን ልኬት እዚህ፣ ሌላውን እዚያ አድርጎ ማወዳደር የማይቻለው። የ«ጤነኛ ሰው ይህን ያህል ይሄዳል» ቀመሮችም ጸሐፊው እንዳሉት ከሌላ አገር የመጡ ናቸው። ብዙ የሚጠቀሰው የ1998ቱ ቀመር የተሠራው አሪዞና ውስጥ ባሉ 290 ሰዎች ላይ ነው። «እርስዎ ከሚጠበቀው 60 በመቶ ነው የሄዱት» ብሎ ለካራ ነዋሪ መንገር ደካማ ነው። እኔም አልናገርም።

ግን የዚህ ምርመራ ትልቁ ጥቅም ሰውን ከአሪዞና ጋር ማወዳደር አይደለም። ሰውን ከራሱ ጋር ማወዳደር ነው። እማማ በጥቅምት ስንት ሄዱ? በታኅሣሥ ስንት? ከፍታው ሁለቱም ጊዜ ያው ነው። ደግሞም የሚኖሩት እዚሁ አየር ላይ ነው። ዳገቱን የሚወጡት በዚሁ አየር ነው። ልናውቅ የምንፈልገውም እዚሁ ምን ያህል እንደሚችሉ ነው።

ከፍታን ሰበብ ማድረግ ሌላም ጉዳት አለው። በ2002 የታተመ አንድ ጥናት በሰሜን ተራሮች በ3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን መረመረ። አማካይ የኦክስጅን መጠናቸው 95 በመቶ ገደማ ነበር። ከእኛ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ከፍ ብለው! እንግዲህ ኮተቤ ላይ ቁጭ ብሎ 86 የሚያሳይን ሰው «ከፍታው ነው» ብለን ወደ ቤቱ ልንልከው አይገባም።

ጸሐፊው ያላነሡት፣ ቢያነሡት ግን ትልቅ ነጥብ የሚሆን ነገር አለ። ጣት ላይ የሚደረገው ኦክሲሜትር ጥቁር ቆዳ ላይ አንዳንዴ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ያነባል። በ2020 አሜሪካ ውስጥ የወጣ ጥናት፣ መሣሪያው ደህና ነው ሲል ደማቸው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ግን የወረደባቸው ሰዎች ከነጮቹ ይልቅ በጥቁሮቹ ወደ ሦስት እጥፍ እንደሚበዙ አሳየ። ይህ እኛን በቀጥታ ይነካናል። ስለዚህ 90 ሲል ሙሉ በሙሉ አላምነውም። ሰውየውን አየዋለሁ፣ ከጅማሬው ስንት እንደወረደ አየዋለሁ። ጥፍሯን ቀለም የተቀባች ወይም እንሶስላ የሞቀች ታካሚ ስትመጣ ሌላ ጣት እፈልጋለሁ። ጠዋት በብርድ የመጣን ሰው እጁን አሙቄ ነው የምለካው።

የቦታ ችግርም አለ፤ ይህንንም አልክድም። በከተማው ዳር ያሉ ብዙ ክሊኒኮች የተከራዩት መኖሪያ ቤት ነው። 30 ሜትር መተላለፊያ ከየት ይመጣል? ግቢ ውስጥ ይሠራ ቢባል ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው። በ10 ሜትር መተላለፊያ ላይ ማራመድ ይቻላል፣ ግን ታካሚው በየጊዜው እየዞረ ስለሚዘገይ ውጤቱ በ50 ሜትር ያህል ያንሳል። ስለዚህ 10 ሜትር ላይ የጀመረ ሰው ሁልጊዜ 10 ሜትር ላይ ይለካ። ሌሎች መንገዶችም አሉ። በ1992 የወጣው ምርመራ የሚፈልገው 10 ሜትር ብቻ ነው። ድምፅ እየሰማ ይሄዳል፤ ድምፁ በየደቂቃው ይፈጥናል፤ መድረስ ሲያቅተው ያበቃል። እሱም ካልተመቸ አንድ ወንበር ይበቃል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ እጁን ሳይጠቀም ስንት ጊዜ ተነሥቶ ተቀመጠ? ይቆጠራል።

አሁን ወደ ከባዱ። ተለክቶ ምን ይደረጋል? ሕክምና የለውም ይላሉ።

የጠበበውን ቧንቧ እንደ ነበር አድርጎ የሚመልስ መድኃኒት የለም፣ እውነት ነው። ለሰውየው ግን የሚደረግ ብዙ አለ። የሳንባ ተሃድሶ ይባላል። ከ6 እስከ 8 ሳምንት፣ በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን በባለሙያ እየታዩ የሚሠራ እንቅስቃሴ ነው። ስፓይሮሜትሪውን አይቀይርም። አቅምን ይጨምራል፣ የትንፋሽ እጥረትን ይቀንሳል። በሲኦፒዲ ላይ ይህን ያህል የተጠናና ውጤቱ የታየ ነገር ጥቂት ነው። ቲቢ ታክመው ድነው ሳንባቸው ጠባሳ ለቀረባቸው ሰዎችም ካምፓላ ውስጥ ለ6 ሳምንት ተሞክሮ ውጤት ተገኝቶበታል። ካምፓላ ሩቅ አይደለችም።

ይህን እንቅስቃሴ ለመጀመር ደግሞ ልኬቱ ያስፈልጋል። ምሳሌ ልስጥ። አንዲት እናት አሉ፤ ከሠላሳ ዓመት በላይ እንጀራ ጋግረው ሸጠው ልጆች ያሳደጉ። ቅጠልና ኩበት ነበር ማገዶአቸው። ሲጋራ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። በመጀመሪያው ቀን ሁለት ጊዜ አራመድኳቸው። 276፣ ቀጥሎ 300 ሜትር። 300ውን ያዝኩ። 300 ሲካፈል ለ6፣ በደቂቃ 50 ሜትር ነው። የዚህን 80 በመቶ ወሰድኩ፤ በደቂቃ 40 ሜትር። በ12 ደቂቃ 480 ሜትር ይሆናል። የኔ መተላለፊያ ደርሶ መልስ 60 ሜትር ነው። ስለዚህ ትእዛዛቸው ይህ ሆነ፦ በ12 ደቂቃ ስምንት ደርሶ መልስ። «እስኪደክምዎት ይሂዱ» አላልኳቸውም። «ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሱ» አላልኳቸውም። እንደ መድኃኒት መጠኑ ተወሰነ።

ለክንዳቸው ውኃ የተሞላ ሃይላንድ ያነሣሉ። ለትንፋሻቸው ደግሞ ከንፈራቸውን ሰብሰብ አድርገው ትኩስ ሻይ እፍ እንደሚሉት ቀስ ብለው ያስወጣሉ። ይህን ስነግራቸው ሳቁ። «ይኼማ እንጀራ ሲያቃጥለኝ ጣቴን የማደርገው ነው» አሉኝ። ከስምንት ሳምንት በኋላ 352 ሜትር ሄዱ። ስፓይሮሜትሪያቸው ያው ነው። ግን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ ሁለት ጊዜ ያርፉ የነበረውን አሁን አንዴ ያርፋሉ። መድኃኒቱም በቅጡ እየተሳበ መሆኑ፣ ጭሱም ከቤት መውጣቱ አስተዋጽኦ አለው፤ ሁሉንም ለመራመዱ አልሰጥም።

እዚህም ለጸሐፊው የምሰጠው አለኝ። ይህን የሚሠራ ቦታ ጥቂት ነው። ከከተማው ዳር ላለ ሰው ደግሞ በሳምንት ሁለቴ የታክሲ ሒሳብ ቀላል አይደለም። ለዚህ ነው ግማሹን በቤታቸው እንዲሠሩት የማስተምራቸው። ግን «ቦታው ጥቂት ነው» እና «ሕክምና የለውም» ሁለት የተለያዩ ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያውን የሰማ ሰው ቦታው እንዲበዛ ይጠይቃል። ሁለተኛውን የሰማ ሰው ቤቱ ይቀመጣል።

የስልኩ ነገር አጭር ነው። እርምጃ መቁጠር መልካም ልማድ ነው፣ ሰውን ያነሣሣል። ነገር ግን ስልኩ ስትራመዱ ኦክስጅናችሁ መውረዱን አያይም፣ ለምን እንደቆማችሁም አይጠይቅም።

ጸሐፊውን አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። ጽሑፋቸውን ይሰርዙ አልልም። ያባታቸው ታሪክ መነበብ አለበት፤ እኛ ባለሙያዎችም ልንማርበት ይገባል። «አታስደርጉ» የምትለዋን ቃል ብቻ «በትክክል መሠራቱን ጠይቁ» በሚል ይቀይሩልኝ። መንገዱ ነፃ ነው ወይ? ወንበር አለ ወይ? ሁለት ጊዜ ይሠራል ወይ? ውጤቱ ይነገረኛል ወይ? ይህን የሚጠይቅ ልጅ ያለው ታካሚ ለእኔም ሥራዬን ያቀልልኛል።

ያ ወጣት ትናንት መልሶ ደውሏል። እኔ የላክሁለትን እንደ አሁኑ ያለ ማብራሪያ አንብቦታል። እናቱን ለሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ቀጠርን። አንድ ጥያቄ ነበረው። «አጠገቧ ሆኜ ክንዷን ይዤ ልሂድ?» አለኝ። አይቻልም አልኩት፤ አብሮ የሚሄድ ሰው ፍጥነቷን ይወስንባታል። ወንበሩ ጋ እንዲቆም ነገርኩት። ሲጨርሱ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ይሆናል።